የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት

ድሬዳዋ ውስጥ ሻይ ያፈላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አዲስ ማንቆርቆሪያ ከቀፊራ ገበያ ተገዝቶ ሲመጣ ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል። ጥቂት ሳምንት ከሠራ በኋላ ክዳኑን አንስተን ብናይ ግን ታቹ ነጭ ለብሶ እናገኘዋለን። በመጀመሪያ እንደ ዱቄት ነው፤ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል። ሲቆይ ቅርፊት ይሆናል። ከከረመማ በቢላዋ ቢፍቁትም አይለቅም።

አንዲት ወጣት አክስቷን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መጣች እንበል። ሻይ ልታፈላ ማንቆርቆሪያውን ስታነሳ ውስጡን አየችና ደነገጠች።

«አክስቴ፣ ይኼ ዕቃ አይታጠብም እንዴ?»

«አቦ! ጧት ማታ ይታጠባል። የውሃው ነው እንጂ የኔ ስንፍና አይደለም» አለቻት አክስቷ።

«ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው።»

«ጥርት ማለቱን እኔም አያለሁ። አፍልተሽ እዪው!»

አክስትየዋ እውነቷን ነው። ውሃው ከቦኖ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው። በብርጭቆ አድርገን ወደ ፀሐይ ብናነሳው ምንም አይታይበትም። ታዲያ ይህ ነጭ ነገር ከመፍላቱ በፊት የት ነበር? ከማንቆርቆሪያው ወጣ እንዳንል ማንቆርቆሪያው ነጭ አይደለም። ከእሳቱ መጣ እንዳንል እሳቱ በውጭ ነው። እንግዲህ ነገሩ በውሃው ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ዐይናችን ግን አላየውም። ይህን ለመረዳት ስለ ውሃ ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሊቃውንቱ በጥንት ጊዜ ውሃን ከነፋስ፣ ከእሳትና ከመሬት ጋር አንድ ላይ ቆጥረው፣ የሌላው ነገር ሁሉ መሠረት ነው ይሉ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1783 ግን ላቫዝዬ የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው ውሃ ራሱ ከሁለት ጋዞች የተሠራ መሆኑን አሳየ። አንዱ ሃይድሮጅን ነው፤ ሌላው ኦክስጅን። 9 ኪሎ ውሃ ብንወስድ 8ቱ ኪሎ ኦክስጅን፣ 1ዱ ኪሎ ሃይድሮጅን ነው። የሚገርመው ነገር ሃይድሮጅን ለብቻው ክብሪት ሲነካው የሚነድ ጋዝ ነው። ኦክስጅን ደግሞ እሳትን የሚያግዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ግን እሳት የምናጠፋበት ውሃ ይሆናሉ። ነገሮች በኬሚካል ሲዋሃዱ የቀድሞ ጠባያቸውን እንደሚለቁ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ውሃ እጅግ በጣም ትንንሽ በሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት በመካከሏ አንድ ኦክስጅን፣ በላይዋ እንደ ሁለት ጆሮ የተለጠፉ ሁለት ሃይድሮጅኖች አሏት። በጆሮዎቹ በኩል ፖዘቲቭ፣ በጀርባዋ በኩል ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ጠባይ አላት። ስለዚህ ቅንጣቶቹ እንደ ማግኔት እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልተን ጥቂት ጠብታ ብንጨምርበት ውሃው ቶሎ አይፈስም፤ ከአፉ በላይ ጎበጥ ብሎ ይቆማል። እንዲህ ያቆመው ይኸው መሳሳብ ነው።

ውሃ ግን ራሱን ብቻ አይስብም። የሌላውንም ነገር ቅንጣት እየሳበ፣ እየከበበና እየነጠለ ወደ ውስጡ ያስገባል። ይህን ነው ማሟሟት የምንለው። አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ያህል ጨው ሊያሟሟ ይችላል። ይህን ሁሉ ጨው ውጦ መልኩ አይደፈርስም። ብንቀምሰው ግን አፍ ያቃጥላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። ጭቃ ውሃን የሚያደፈርሰው ስላልሟሟ ነው፤ ስለዚህ ይታያል፣ ይዘቅጣል፣ በጨርቅም ይጣራል። የሟሟ ነገር ግን አይታይም፣ አይዘቅጥም፣ በጨርቅም አይቀርም።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከከተማው በስተደቡብ ቀና ብለን ብናይ የሐረርጌ ተራሮች ቆመዋል። በከተማው ዙሪያ ካለው ድንጋይ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። የድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነውና።

የኖራ ድንጋይ በንጹሕ ውሃ እምብዛም አይሟሟም። ዝናብ ግን ከሰማይ ሲወርድ ባዶውን አይደለም። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዞ ይወርዳል፤ እኛ ወደ ውጭ የምንተነፍሰው ጋዝ ማለት ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ ከሥራሥሩና ከብስባሹ ደግሞ ይጨምራል። የአምቦ ውሃ ስንከፍት የሚፈነዳው ይኸው ጋዝ ነው፤ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ማድረጉም ጋዙ ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ቀለል ያለ አሲድ ስለሚሆን ነው። እንግዲህ ይህ በቀላሉ የኮመጠጠ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሾለከ ሲወርድ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት ይልሰዋል። የተላሰው ድንጋይ ካልሲየም ባይካርቦኔት ሆኖ በውሃው ውስጥ ይሟሟል።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑት በአካባቢው የሚገኙት ዋሻዎች ናቸው። ከከተማው አጠገብ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት፣ ፈረንጆቹ «ፖርክ ኤፒክ» ማለትም ጃርት ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ። ወጣ ብሎ ደግሞ የጥንት ሥዕል ያለበት ለገ ኦዳ ይገኛል። በኖራ ድንጋይ አገር ዋሻ የሚበዛው ውሃ ድንጋዩን በሺህና በሺህ ዓመታት እየላሰ ስለሚቦረቡረው ነው። ከተራራው የተላሰው ድንጋይ ከምድር በታች ካለው ውሃ ጋር ይጓዛል። የድሬዳዋ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት የጠጣው ከሳቢያን ጥልቅ ጉድጓዶች የተሳበውን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በአጭሩ የድሬዳዋ ሰው ከውሃው ጋር ጥቂት ተራራ ይጠጣል።

ማንቆርቆሪያው ሲጣድ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ውሃው ሲሞቅ ጋዙ ይወጣል። ድንጋዩን አሟሙቶ የያዘው ጋዙ ነበርና ጋዙ ሲሄድ ድንጋዩ መቆያ ያጣል፤ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ በዕቃው ታችና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ወጣቷ ያየችው ነጭ ቅርፊት ድንጋይ ነው። ከተራራው ወርዶ፣ በጉድጓድ አልፎ፣ በቧንቧ መጥቶ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደገና ድንጋይ ሆነ።

ይህን ያላመነ ሰው በቤቱ ሊሞክር ይችላል። ድሬዳዋ ሎሚ የሚቸግርባት አገር አይደለችም። አንድ ሎሚ በቅርፊቱ ላይ መጭመቅ ነው። ወዲያው ይንጫጫል፣ አረፋም ያወጣል። ያ አረፋ ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አቼቶም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ቅርፊቱን በቢላዋ ከመፈቅፈቅ ይልቅ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ በውሃ ቀጥኖ ዕቃው ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቢቆይና ቢታጠብ ይሻላል።

ብዙ ካልሲየም ያለበትን ውሃ ጠንካራ ውሃ ይሉታል። ጠንካራ መባሉ ሲነኩት ስለሚጠጥር አይደለም፤ ሳሙና ስለማይቀበል ነው። ሳሙና ውሃው ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኘው ካልሲየሙን ነው። ከእሱ ጋር ይያያዝና ነጭ ዝልግልግ ነገር ሆኖ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ልብስ ላይም ይለጠፋል። ካልሲየሙ ሁሉ እስኪያዝ ድረስ አረፋ የለም፣ አረፋ ከሌለ እጥበት የለም። ሁለት ጠርሙስ ወስዳችሁ በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ እኩል ቅዱ። በሁለቱም ላይ እኩል ሳሙና ጨምራችሁ አናውጡ። የዝናቡ ውሃ እስከ አፉ አረፋ ይሞላል፤ ሌላው ይደፈርሳል እንጂ ብዙ አያረፋም። ልብስ አጣቢ እናቶች የክረምቱን ውሃ ከጣሪያ እያጠራቀሙ ለእጥበት ማቆየታቸው እንግዲህ ኬሚስትሪን ሳይማሩ ያወቁት ነገር ነው።

ቅርፊቱ ከሰልም ይበላል። ድንጋይ ሙቀትን እንደ ብረት አያሳልፍም። ታቹ ቅርፊት የለበሰ ማንቆርቆሪያ እሳቱና ውሃው መካከል ግድግዳ ቆሞበታል ማለት ነው። በትልቁ ለማየት ከፈለግን ባቡሩን እናስታውስ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከተማው ከተራራው ሥር ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የናፍጣ ሞተር እስኪተካው ድረስ ይህን ባቡር የሚጎትተው እንፋሎት ነበር። እንፋሎት ማለት የፈላ ውሃ ትንፋሽ ነው። በየትም አገር ቢሆን የእንፋሎት ባቡር በጠንካራ ውሃ ከሠራ በቦይለሩ ውስጥ ቅርፊት ይጋገራል፤ ማገዶ ይበዛል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ብረት ከመጠን በላይ ግሎ ይጎዳል። ስለዚህ የባቡር ሠራተኞች በየጊዜው ቦይለር ከፍተው ቅርፊት መፋቅ ነበረባቸው። አክስትየዋ በማንቆርቆሪያዋ የምትታገለውን እነሱ በጋን ሳይሆን በቶን ታግለውታል።

ይኸው የባቡር መንገድ ስለ ውሃ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው ሁሉ «በ100» ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው ጅቡቲ፣ በባሕሩ ዳር ነው። ውሃ የሚፈላው ቅንጣቶቹ ከላይ የሚጫናቸውን አየር ገፍተው መውጣት ሲችሉ ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፣ ጭነቱም ይቀልላል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ መፍያው 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል እዚህ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሐረር ላይ 94 ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 92 ገደማ ይሆናል። የፈላ ውሃ ደግሞ እሳት ቢጨመርበት ከመፍያው በላይ አይሞቅም፤ እየተነነ ያልቃል እንጂ። አዲስ አበባ ላይ ሥጋ ለመቀቀል ጊዜ የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው። ባቄላና ሽምብራ ላይ ግን ድሬዳዋ ብዙ አትኩራ፤ የውሃው ካልሲየም ጥራጥሬን ያጠነክራልና በሙቀቱ ያተረፈችውን በካልሲየሙ ትከስራለች።

92 ወይም 96 ዲግሪ ለጀርም በቂ ነው ወይ? በቂ ነው። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ የሚያመጡት ጀርሞች ሁሉ ከዚህ በታች በሆነ ሙቀት ያልቃሉ። የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ውሃው ከታች እስከ ላይ እየተገለባበጠ መፍላት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ እንዲቆይ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላለ ሰው ደግሞ 3 ደቂቃ። እንግዲህ ድሬዳዋ ላይ 1 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ ላይ 3 ደቂቃ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ከሰል ማባከን ብቻ አይደለም፤ ጉዳትም ሊኖረው ይችላል። ይህን አሁን እናያለን።

ብዙ ሰው «ካፈላሁት ንጹሕ ነው» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ውሃ ሲፈላ ጋዙ ይወጣል። ጀርሙ ይሞታል። ከካልሲየሙ ከፊሉ ድንጋይ ሆኖ ይወርዳል። የቀረው የሟሟ ነገር ግን አይወጣም፣ አይሞትም፣ አይወርድም። የጨው ውሃ አፍልተን ብንቀምሰው ጨውነቱ አይጠፋም። እንዲያውም ይብሳል፤ የተነነው ውሃው ብቻ ነውና። አንድ ሊትር አፍልተን ግማሽ ሊትር ብናስቀረው በውስጡ ያለው ጨው መጠን በእጥፍ ይወፍራል።

ይህን ያነሳነው ስለ ጨው ልናወራ አይደለም። ናይትሬት የሚባል ነገር አለ። ከሰውና ከእንስሳ ዐይነ ምድር፣ ከሽንት፣ ከቆሻሻ ክምር ይነሳል። አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች እነዚህን ወደ ናይትሬት ይለውጧቸዋል። ናይትሬት በውሃ እጅግ ይሟሟል፤ ከዝናብና ከፍሳሽ ጋር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ናይትሬት በብዛት መገኘቱን በተለያየ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ሰው በተጠጋጋበት ከተማ መጸዳጃ ቤቱ መሬት ተቆፍሮ ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ አሸዋና የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው። ውሃ ድንጋዩን ልሶ የከፈተው መንገድ ለፍሳሹም መንገድ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው ወሰን በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ከዚያ ሲያልፍ በመጀመሪያ የሚጎዱት በጡጦ የሚያድጉ፣ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ናይትሬቱ በሰውነታቸው ውስጥ ይለወጥና ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሕፃኑ አየር እየሳበ ሰውነቱ አየር ያጣል ማለት ነው። ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። እንዲህ የሆነ ሕፃን ሲታይ አንድ ሰዓትም ሳይቆይ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

እንግዲህ አንዲት እናት ለልጇ አስባ፣ ከግቢ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ለረጅም ጊዜ አንተክትካ ዱቄት ወተት ብትበጠብጥበት ጀርሙን ገድላለች፤ ናይትሬቱን ግን አወፍራዋለች። ጥፋቷ አይደለም፤ አፍሊ ተብላለች፣ አፍልታለች። ያልተነገራት ማፍላት የማይደርስበት ነገር እንዳለ ነው። እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ የሚጠባ ልጅ ከዚህ አደጋ የራቀ ነው። በጡጦ የግድ የሚያድግ ከሆነ ግን ውሃው ናይትሬቱ በላቦራቶሪ ከተመረመረ ቦታ መምጣት አለበት። ጉድጓድ ያለው ሰውም መጸዳጃ ሲቆፍር ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይባላል። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ግን ውሃ ከዚህ አልፎ ይሄዳልና 30 ሜትር ራቅሁ ብሎ መመርመርን መተው አይገባም።

ነገሩ የድሬዳዋ ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች ውሃው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ እያሟሟ ይወጣል። የልጆቹን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። እሱም በማፍላት አይወጣም።

ስለ ነጩ ቅርፊትስ? ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው፤ ስለሚታይ። «ይኼ ነገር ኩላሊታችን ውስጥም እንዲህ ይጋገራል» የሚል ወሬ በየቡናው ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለውሃ ጠንካራነት በጤና ምክንያት ወሰን አላወጣም። ካልሲየም ለአጥንትና ለጥርስ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ለኩላሊት ጠጠር በእርግጥ የሚታወቀው አንድ ምክንያት በሞቃት አገር ውሃ ሳይጠጡ መዋል ነው። ቅርፊቱን ፈርቶ በቀን ሁለት ብርጭቆ ብቻ የሚጠጣ የድሬዳዋ ሰው ጠጠሩን ራሱ እየጠራው ነው። የሚታየውን ፈርተን የማይታየውን ረሳን ማለት ይቻላል።

በዚህ ሙቀት ውሃን ማቀዝቀዝም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፍሪጅ ሳይኖር እንስራ ነበረ። አዲስ እንስራ ውጩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ያልባል። የሸክላው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ውሃው እየተሳበ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እዚያም ይተናል። ለመትነን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም እንስራው ውስጥ ከቀረው ውሃ ነው። ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት በጣም ብዙ ነው። ከ20 ሊትር እንስራ ላይ አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል ቢተን፣ ከውጭ ሙቀት ባይገባበት ኖሮ የቀረውን ሁሉ በ10 ዲግሪ ባቀዘቀዘው ነበር። የረጅም መንገድ ሹፌሮች ጀሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ የሚያስሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ጅቡቲ ላይ ይህ ዘዴ እንደ ድሬዳዋ አይሠራም። በባሕሩ ዳር አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ተጨማሪ አይቀበልም። ድሬዳዋ አየሯ ደረቅ ነው፤ ሙቀቷን ያማረረ ሰው በደረቅነቷ ይካስ።

ያረጀ እንስራ ማላቡን የሚተወው ለምን እንደሆነ አንባቢ አሁን ሳይነገረው ይገምታል። ውሃው ሲተን ካልሲየሙ ቀዳዳው ላይ ይቀራል፤ ቀዳዳው በድንጋይ ይደፈናል።

አንድ ነገር ቀረን፤ ክብደት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ ከቦኖ የምትመለስ ልጅ 20 ኪሎ ተሸክማለች። ቁመቱ፣ ወርዱና ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ውሃ 1,000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል ይመዝናል። በዕቃ ሆኖ ሲቀመጥ ይህ አይታወቅም። ቁልቁል ሲሮጥ ግን ይታወቃል። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. በደጋው የዘነበው ዝናብ በአንድ ጊዜ ወረደበት። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶች ከነመሠረታቸው ተነቀሉ። ከተማው ላይ ያልዘነበ ዝናብ ከተማውን እንደሚመታ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ጎርፍም ጎልማሳ ሰው እንደሚጥል ድሬዳዋ ከማንም ይልቅ ታውቃለች።

ጎርፍ ካለፈ በኋላ የሚመጣውም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለም። ጎርፉ መጸዳጃውንና ጉድጓዱን ያገናኛል። ጭቃው በጥቂት ቀን ይዘቅጥና ጉድጓዱ እንደ ድሮው ጥርት ይላል። ጥርት ብሏል ብሎ የቀዳ ሰው ጀርሙንም ናይትሬቱንም ቀዳ። ጀርሙን ክሎሪን ወይም እሳት ይገድልለታል።

በቤት የሚሠራ አንድ ሙከራ እንጨምር። ሦስት ንጹሕ የብርጭቆ ሳህን ውሰዱ። በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በአንዱ የቦኖ ውሃ፣ በአንዱ ፈልቶ የቀዘቀዘና ከላዩ በቀስታ የተቀዳ የቦኖ ውሃ እኩል እኩል አድርጉ። አቧራ እንዳይገባባቸው በስስ ሻሽ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጧቸው። የድሬዳዋ ፀሐይ ብዙ አያስጠብቅም። ሲደርቁ የዝናቡ ሳህን ባዶ ይሆናል። የቦኖው ነጭ ቀለበት ይዞ ይቀራል። የፈላው ሳህን ደግሞ ከሱ የሳሳ ቀለበት ይኖረዋል፤ የጎደለው ማንቆርቆሪያው ላይ ተለጥፏል። ከቀለበቱ ውስጥ የትኛው ካልሲየም፣ የትኛው ጨው፣ የትኛው ናይትሬት እንደሆነ ግን ዐይን አይለይም፤ እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ለዚያ የሚወሰደው ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ፣ ሳይፈላ፣ በተቀዳበት ቀን ይሁን።